«ያለ ጉድጓድ» አይደለም፣ በሺህ ጉድጓድ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ዓመታት አንብቤያለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሰሞኑን ስለ ዩራኒየም ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «ያለ ጉድጓድ የሚወጣ ማዕድን» የሚል ንዑስ ርዕስ አየሁ። ቡና እየጠጣሁ ነበርና ትን አለኝ። እኔ እንጀራዬን የበላሁት ከጉድጓድ ነው። ሀያ ሁለት ዓመት የውሃ ጉድጓድ ስቆፍር ኖሬያለሁ፣ መጀመሪያ በረዳትነት፣ በኋላ ሪግ (የመቆፈሪያ ማሽን) ይዤ። ስለዚህ ስለ ጉድጓድ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጻፈው ልጅ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል። ሰው ገብቶ የሚቆፍርበት ዋሻ የለም፣ ተራራ ተንዶ የሚቀር ገደል የለም ለማለት ነው። ይሄ እውነት ነው። ግን አማርኛችን ገደሉንም የውሃውንም «ጉድጓድ» ስለሚለው አንባቢው የተረዳው ሌላ ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራ አንድ ትልቅ ማዕድን በሺህ የሚቆጠር ጉድጓድ አለው። እንደኔ ዓይነት ሰው የሚቆፍረው፣ ቧንቧ የሚገባበት፣ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ። ማዕድኑ ራሱ ጉድጓድ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩራኒየሙ ያለው ውሃ ባዘለ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው፣ ከላይና ከታች ውሃ በማያሳልፍ ጭቃ ተይዞ። በአንዱ ጉድጓድ ፈሳሽ ታስገባለህ። ካዛክስታን ላይ ሰልፈሪክ አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ ነው። አሜሪካ ዋዮሚንግና ቴክሳስ ላይ ደግሞ ኦክስጅንና ቢካርቦኔት ያለበት ውሃ ነው፤ ድንጋዩ ኖራ ሲበዛበት አሲዱን ስለሚጨርሰው። ፈሳሹ በአሸዋው መሀል እየሄደ ተጣብቆ የኖረውን ዩራኒየም ያሟሟዋል። ከጎን ባለው ሌላ ጉድጓድ በሰመርሲብል ፓምፕ፣ ውሃው ውስጥ ሰጥሞ በሚሠራው፣ ይሳባል። ላይ ሲደርስ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች በሞሉት ታንከር ውስጥ ያልፍና ዩራኒየሙ ሬዚኑ ላይ ይቀራል። ጠንካራ ውሃን የሚያለሰልሱ ማጣሪያዎች የሚሠሩበት መንገድ ነው። ፈሳሹ እንደገና ተቀምሞ ወደ ታች ይመለሳል። ከሬዚኑ የተገኘው ደግሞ ተጣርቶና ደርቆ በበርሜል የሚታሸግ ዱቄት ይሆናል፣ «ቢጫ ኬክ» የሚሉት። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ፈሳሽ ወፍራም ነው፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይሳሳል። በረካው ሲቀጥን ያንን መስክ ትተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

ለእኛ አገርም ፈጽሞ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ዳሎል ላይ ፖታሽ ሊያወጡ የነበሩ ኩባንያዎች ያቀዱት የዚህ ዘመድ ነው፤ ውሃ ወደ ታች ሰዶ ጨው አሟሙቶ ማውጣት። ልዩነቱ ዳሎል ከርሰ ምድር ያለውን ውሃ ቀድሞም የሚጠጣው የለም።

እዚህ ላይ ነው ጽሑፋችሁ የዘለለኝ። ስለ ጨረር ጽፋችኋል፣ ስለ ዋጋ ጽፋችኋል፣ ስለ ራሺያ ጽፋችኋል። ስለ ውሃ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። በዚህ ዘዴ እኮ የምትቆፍረው ድንጋዩን አይደለም፣ ውሃውን ነው። ፋብሪካው መሬት ውስጥ ያለው የውሃ ንብርብር ነው። ታዲያ ጥያቄው ሁሉ መጀመር ያለበት «ያ ውሃ የማን ነው? ማን ይጠጣዋል? ሥራው ሲያልቅ ምን ሆኖ ይቀራል?» ከሚለው ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ለዘዴው የሚገባውን ልስጠው። ኒጀር ውስጥ አርሊት አጠገብ ያለው የአኩታ ማዕድን በ2021 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሲዘጋ ሀያ ሚሊዮን ቶን ገደማ ጨረር ያለበት ቅሪት በረሃው ላይ ተቆልሎ ቀርቷል። ያ በድሮው መንገድ፣ በሰው ጉልበትና በድማሚት፣ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የወጣ ነው። በጉድጓድ የሚያሟሙት ዘዴ እንዲህ ያለ ክምር አይተውም። ሬደን ጋዝ እየሳበ ሳንባው የሚጎዳ ማዕድን ሠራተኛም ከታች የለም። ርካሽም ነው። ዛሬ ከዓለም ዩራኒየም ከግማሽ በላዩ የሚወጣው በዚሁ ነው። ካዛክስታን ብቻዋን የዓለምን 40 በመቶ ገደማ ታመርታለች፣ ሁሉንም በዚህ ዘዴ። ከ2009 ጀምሮ አንደኛ ናት። እንዲያውም ጉዳያቸው ከዩራኒየሙ ይልቅ አሲዱ ሆኗል። በ2024 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ኩባንያ ካዛቶምፕሮም «ሰልፈሪክ አሲድ አጠረኝ» ብሎ የምርት ዕቅዱን ቀንሷል።

እና መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቦታ ይመርጣል ነው የምለው። ቦታ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ደግሞ ልንገራችሁ።

ሥራ ስጀምር አለቃዬ የነበሩት ጋሼ (ስማቸውን አልጠራም፣ ደስ አይላቸውም) በደርግ ጊዜ ቼኮስሎቫኪያ የተማሩ ጂኦሎጂስት ነበሩ። ሲሚንቶ ልንቆጥብ ስንሞክር፣ ወይ ቸኩለን ቧንቧ ልናወርድ ስንል «ስትራዥን አስታውሱ!» ይሉን ነበር። እኛ ስድብ ይመስለን ነበር። የቦታ ስም መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስትራዥ ፖድ ራልስከም የምትባል ከተማ ናት፣ ዛሬ ቼክ በምንላት አገር፣ ሰሜን ቦሄሚያ፣ ከፕራግ ወደ ላይ። በዚያ ከ1967 እስከ 1996 ድረስ ዩራኒየም በአሲድ አሟሙተው አወጡ። ከ7,000 በላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። ወደ ከርሰ ምድር የላኩት ሰልፈሪክ አሲድ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ናይትሪክ አሲድና አሞኒያም ጨመሩበት። ያገኙት ዩራኒየም 15,000 ቶን ገደማ ነው። በእኔ የሱቅ ሂሳብ ለአንድ ኪሎ ዩራኒየም ከ260 ኪሎ በላይ አሲድ ማለት ነው። አብዛኛው ዩራኒየም ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ፣ አሲዱ እዚያው ቀረ።

ያ ቦታ የቼክ አገር ዋነኛ የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠራቀምበት ተፋሰስ ውስጥ ነው። ዩራኒየሙ ያለው በታችኛው ንብርብር ነው፤ ከሱ በላይ፣ በሌላ ንብርብር፣ ሰው የሚጠጣው ንጹህ ውሃ አለ። በመሀል ውሃ የማያሳልፍ አለት ይለያቸዋል። ይለያቸዋል ካልን፣ እያንዳንዱ የተቆፈረ ጉድጓድ ያንን መለያ የበሳ ቀዳዳ ነው። ከ7,000 በላይ ቀዳዳ። እያንዳንዱ በደንብ ካልታሸገ የታችኛውን ለላይኛው ያገናኛል።

ግን ከሁሉም የገረመኝ ሌላ ነው። አጠገቡ በድሮው ዘዴ የሚቆፈር ሃምር የሚባል የዩራኒየም ማዕድን ነበር። እዚያ ሰው መሬት ሥር ስለሚሠራ ውሃው ሁሉ መጠጣት፣ ማለቴ በፓምፕ መመጠጥ ነበረበት። ወዲህ ማዶ ደግሞ አሲድ ወደ ውስጥ ይገፋል። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል። ውሃ ደግሞ ወደተሳበበት ነው የሚሄደው፤ ይሄን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፣ የሰፈር ቧንቧ ላይ ፓምፕ የገጠመ ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አሲዱ ወደ ማዕድኑ እንዳይሄድ በመሀል በጉድጓድ ረድፍ ውሃ እያስገቡ የውሃ ግድግዳ ሠሩ። ውሃን በውሃ አጥረው ማለት ነው። ሁለቱንም የሚያዘው ያው መንግሥት ነበር እኮ!

በ1996 ማውጣቱ ቆመ። ማጽዳቱ ያኔ ነው የጀመረው። አሲዳሙን ውሃ እየሳቡ ያተናሉ፣ አልም የሚባለውንና ሌላውንም ጨው ከውስጡ ይለያሉ፣ የተጣራውን ይለቃሉ። ሥራው ዛሬም አላለቀም፤ ዕቅዱ እስከ 2030ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የሚዘልቅ ነው። ለማውጣት 29 ዓመት፣ ለማጽዳት ከ40 ዓመት በላይ። ወጪው ደግሞ ከቼክ ግብር ከፋይ ኪስ ነው።

በነገራችን ላይ ቼኮች ከዩራኒየም ጋር የቆየ ዝምድና አላቸው፣ ከእኛም ጋር በጓሮ በር ይገናኛል። ማሪ ኩሪ ራዲየምን በ1898 ስታገኝ የተጠቀመችበት ጥቁር ድንጋይ የመጣው ያኪሞቭ ከምትባል የቦሄሚያ ከተማ ነው። ያቺው ከተማ በጀርመንኛ ስሟ ዮአኪምስታል ነበረች፤ «ታለር» የሚባለው የብር ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከሷ ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር እያሉ ጥሎሽ የጣሉበት፣ ከብት የገዙበት ማርትሬዛ ታለር ማለት ነው። መጀመሪያ ብር አወጡ፣ ቀጥሎ ዩራኒየም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። «ጉድጓድ ካልታሸገ» ያልኩት በወሬ የሰማሁት አይደለም። የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ተበላሽቷል ተብሎ ለማየት ተላክን። የቆፈረው ሌላ ተቋራጭ ነው፤ ስሙ ይቅር። የተማሪ ቤት ልጆች «ውሃው ይሸታል» ማለት የጀመሩት ክረምት ሲገባ ነው። በበጋ ደህና ነበር። ፓምፑን አውጥተን ከጎኑ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ወደ ኬሲንጉ፣ ማለት ጉድጓዱ ውስጥ ወደገባው ቧንቧ፣ አፍ አስጠጋሁ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ውሃው ያለው ስልሳ ሜትር ታች ነው፣ ድምፁ የሚመጣው ግን ከቅርብ። በቧንቧውና በአፈሩ መሀል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ መሞላት ነበረበት። ቆፍረን ስናየው የተሞላው ከጉድጓዱ በወጣው አፈር ነው፣ ከላይ ብቻ አንድ ክንድ ሲሚንቶ ለብሷል። የመጸዳጃው ፍሳሽ በዚያ ክፍተት ሰተት ብሎ እየወረደ፣ በላላች መጋጠሚያ ገብቶ ጠብ ይላል። ቢበዛ ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ ነው የተቆጠበው። ያንን ጉድጓድ ደፍነን ሌላ ቆፈርን። ያኔ ነው የጋሼ ስትራዥ የገባኝ።

አንድ ጉድጓድ ነው ይሄ። ፍሳሹም የሽንት ቤት ነው፣ አሲድ አይደለም።

በደንብ የሚሠሩትስ ምን ያደርጋሉ? ከሚያስገቡት ትንሽ አብልጠው ይስባሉ። ከመቶ አንድ ወይ ሁለት ያህል ቢሆን ነው፣ ግን ነገሩን የሚይዘው እሱ ነው፤ ከዙሪያው ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይፈሳል እንጂ የውስጡ ወደ ውጭ አይወጣም። በመስኩ ዙሪያ፣ ከላዩም ባለው ንብርብር፣ መከታተያ ጉድጓዶች ይቆፍራሉ፣ ናሙና እየወሰዱ ያመለጠ ነገር ካለ ያያሉ። ጥሩ ነው። ግን ፓምፑ የቆመ ቀን፣ መብራት የጠፋ ቀን፣ በጀት ያለቀ ቀን የሚስበው የለም። እኛ አገር መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሥራው ሲያልቅ ውሃውን ወደነበረበት መመለስ የሚባል ነገር አለ። አሜሪካኖቹ በሕግ ያስገድዳሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር ወደ መጀመሪያው ልኬት አይመለስም፤ ዩራኒየሙ ወይ ሌላው ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ኩባንያውም «ልኬቱ ይሻሻልልኝ» ብሎ ያመለክታል፣ ቴክሳስ ላይ ይሄ በተደጋጋሚ የተፈቀደ ነገር ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያው፣ ገና አንድ ሊትር ከመግባቱ በፊት፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው ያንን የውሃ ንብርብር «የመጠጥ ውሃ ምንጭ አይደለም፣ ወደፊትም አይሆንም» ብሎ ከጥበቃው ነፃ ማድረግ አለበት። ይሄ ወረቀት ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ወረቀት ነው። ቢያንስ በግልጽ ይፈረማል። «ይሄ ውሃ ለሰው አይሆንም» ብሎ ስሙን የሚያስቀምጥ ሰው አለ።

ካዛኮቹ የሚሠሩት በብዙ ቦታ ሰው ባልበዛበት ደረቅ ሜዳ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ጨዋማ በሆነ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው። ናሚቢያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ ካላሃሪ ውስጥ፣ ሊዮናርድቪል የምትባል መንደር አካባቢ፣ የራሺያ መንግሥት የኑክሌር ኩባንያ የሮሳቶም ቅርንጫፍ በዚሁ ዘዴ ዩራኒየም ለማውጣት ፍለጋ ቆፈረ። ችግሩ ከታች ያለው የስታምፕሪየት ውሃ መሆኑ ነው። ናሚቢያ፣ ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ የሚጋሩት ነው። እዚያ የሚኖረው ገበሬ ከብቱም ልጁም የሚጠጣው እሱን ነው፣ ወንዝ የለውም። ገበሬዎቹ ጮኹ። በ2021 የውሃ ሚኒስቴሩ የቁፋሮ ፈቃዱን መልሶ ወሰደ። ያኔ ሚኒስትር የነበሩት ካሌ ሽሌትዋይንም ውሃችንን ትበክላላችሁ እያሉ በይፋ ተናግረዋል። ኩባንያው ዘዴው አስተማማኝ ነው ይላል። የውሃ ሚኒስትር ከማዕድን ጋር ሲከራከር ማየት ለእኔ ራሱ ያስደስታል፤ ብዙ አገር ላይ ውሃው ዝም ይላል።

አሁን ወደ እኛ። በ2025 መስከረም ላይ አገራችን ሞስኮ ሄዳ ከዚያው ከሮሳቶም ጋር ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ስትፈራረም ፌስቡኩ ሁሉ «ዩራኒየማችንን ራሳችን እናወጣለን» አለ። ጽሑፋችሁም ያንን ስሜት ትንሽ ተከትሏል። ሁለቱን ባታገናኙት ጥሩ ነበር። ቢጫው ዱቄት ነዳጅ አይደለም። መበልጸግ አለበት፣ ወደ ዘንግ መሠራት አለበት፣ ይሄን የሚሠሩት ጥቂት አገሮች ናቸው። ማመንጫ ያላቸው ብዙ አገሮች አንድም የዩራኒየም ማዕድን የላቸውም። ማመንጫው ቢመጣ ነዳጁ ተሠርቶ ነው የሚመጣው።

ደግሞ መሬታችንን እዩት። ደጋው በአብዛኛው ባዛልት ነው፣ ለዚህ ዘዴ አይሆንም። አሸዋ ድንጋይ ያለን ዓባይ ሸለቆ፣ ትግራይ፣ ኦጋዴን ነው። አሸዋ ድንጋይ ደግሞ ውሃ ይይዛል፣ ለዚህ ነው እኛም ሪጋችንን ይዘን የምንሄድበት። ኦጋዴን ላይ ሰው ከቢርካ፣ ከመሬት ገንዳ፣ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይጠጣል፣ ቢርካው ሲደርቅ ጥልቅ ጉድጓድ ጋር ሄዶ ግመሉን ይዞ ይሰለፋል። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች ትጠጣለች። ድሬዳዋ ያለ ከርሰ ምድር ውሃ አንድ ቀን አታድርም። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ኩባንያ መጥቶ «ገደል አንቆፍርም፣ አቧራ የለም፣ ሣሩ እንኳ አይነካም» ቢላችሁ እውነቱን ነው። ሣሩ አይነካም።

እናንተ ጋዜጠኛ ናችሁና ያኔ ስትጠይቁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁልኝ። መጀመሪያ፣ ገና ሳይነካ፣ ውሃው ምን እንደሚመስል ማን ለካ? ውጤቱስ የት ተቀምጧል? መለኪያውን ራሱ ኩባንያው ከያዘው አልተለካም በሉ። የጉድጓዱን ሲሚንቶ ቆሞ የሚያይ የመንግሥት ሰው አለ ወይ፣ ወይስ ከወር በኋላ ፎቶ ነው የሚላክለት? ኩባንያው ከስሮ ቢሄድ ፓምፑን ማን ያሽከረክራል፣ ለማጽጃ ተብሎ አስቀድሞ ባንክ የገባ ገንዘብ አለ? ከታች ያለውን ውሃ «ለሰው አይሆንም» ብሎ የሚፈርመው ማን ነው? ስሙን ጻፉልን።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፤ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው እትም፣ እርማት በምታወጡበት ጠርዝ ላይ፣ «ያለ ጉድጓድ» የሚለው «በብዙ ሺህ ጉድጓድ» ተብሎ ይነበብ ብላችሁ ጻፉልን።

ከሰላምታ ጋር፣
ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ከአዳማ